ፍሬን ዝም ሲል የሚፈሩ ሰው

እሺ፣ አንዴ ጸጥታ። አመሰግናለሁ። ዝም ያላችሁት እኔ ስለጠየቅኳችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጋሼ ጆሮ ቀና ብለው ስላዩአችሁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዓይናቸው ዝም ሲያሰኙን ኖረዋል። ከሰኞ ጀምሮ ጡረታ ላይ ናቸውና እንደልባችሁ መንጫጫት ትችላላችሁ።

እሳቸው የመጡበትን ቀን የምናስታውስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ቀርተናል፤ እኔ፣ ዘበኛችንና የሙከራ ሾፌራችን ካፒቴን። "በጆሮው ብልሽት የሚያውቅ መካኒክ ከአውቶቡስ ጋራዥ ይመጣል" ተባልን። እኔ ከትምህርት ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ያለ እኔ ማን አለ የምልበት ጊዜ። ያን የሚያህል የፍሬን ድምፅ መለኪያ ማሽን እያለን የሰው ጆሮ ምን ያደርጋል ብዬ አኩርፌ ጠበቅኩ። ገቡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ሰላም ሳይሉን ክፍሉ መሃል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ካፒቴን ጠጋ ብሎ "ጸሎት ላይ ናቸው መሰለኝ" አለኝ። ከዚያ ወንበር ሳቡ፣ ወጡበት፣ የግድግዳውን ሰዓት አወረዱ፣ ባትሪውን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ሰዓቱን መልሰው ሰቀሉት።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ይሄ እየተንቋቋ እናንተ ሌላ ድምፅ እንዴት ነው የምትሰሙት?"

ሰዓቱ ያኔ አራት ከሃያ ላይ ቆመ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አራት ከሃያ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና "የሻይ ሰዓት ደርሷል" ብሎ ይነሳል። ስንቱን ልጅ ቀኑን ሙሉ ሻይ ያጠጣ ሰዓት ነው። ታዲያ የስጦታ ኮሚቴያችን ለእሳቸው ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? የግድግዳ ሰዓት! ምን ልበላችሁ። አይጨነቁ ጋሼ፣ ጠዋት ከካርቶኑ አውጥቼ ባትሪውን ነቅያለሁ። አራት ከሃያ ላይም አድርጌዋለሁ።

አመላቸውንማ የማያውቅ የለም። እሳቸው ባሉበት ክፍል ማስቲካ አይታኘክም። እኔ በዚህ መሥሪያ ቤት ካሮት የበላሁት ሽንት ቤት ተደብቄ ነው። በሠርጌ ቀን ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሊያይ ሲጋፋ እሳቸው የሙሽራ መኪናውን ሾፌር በመስኮት ጠርተው "የፊት ግራው ፍሬን ታሟል፣ ሳታሳየው እንዳታድር" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ ያሉኝ በማግስቱ ሥራ ስገባ ነው።

የመንገድ ሙከራውንም ካፒቴን ይመስክር። እሱ ይነዳል፣ ጋሼ ኋላ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። ፍሬን በተያዘ ቁጥር በጣታቸው ውጤት ያሳያሉ። አስር ማለት ምንም ድምፅ የለም፤ አንድ ማለት መንደሩ በሙሉ ነቅቷል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ካፒቴን አርባ ጊዜ ፍሬን ሲይዝ አንድም ጣት አልተነሳም። ዞር ቢል ተኝተዋል። የውጤት ቅጹን ከጭናቸው ላይ አንስቶ እንዲህ ሞላላቸው፦ "ድምፁ ከኋላ ወንበር ይመጣል፤ ወፍራም ነው፤ ፍሬን ሲለቀቅም አያቆምም።" ያ ቅጽ እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ማሳቅ እስካለብኝ ድረስ አሳቅኳችሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም። ሥራ አስኪያጃችን "አጠር አድርጊው" ብለውኛል። አላሳጥረውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የጋሼ ባለቤት እትዬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውም አብራቸው አለች። ለእነሱ ስል የምንሠራውን ላስረዳ። ፍሬን የሚጮኸው ስለደከመ አይደለም። የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ሲጨብጠው ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ የምንሰማው ያንን መንቀጥቀጥ ነው። እርጥብ ጣት የብርጭቆ አፍ ላይ ሲዞር እንደሚጮኸው። የእኛ ሥራ ያንን ማስቆም ነው። የሸራውን ጠርዝ በሰያፍ እንሞርደዋለን፣ መሃሉን እንሰነጥቀዋለን፣ ጀርባው ላይ ጎማ የተለበጠ ስስ ቆርቆሮ እንለጥፍበታለን። የሸራውን ንድፍ የምስለው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ጋሼ "አንቺ ሠዓሊ" የሚሉኝ። የሚሰሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ዳቦ የሚያከፋፍል ሰው መኪናውን በራችን ላይ ገትሮ አልንቀሳቀስም አለ። ዘበኛችን "አቤቱታ በጽሑፍ ነው የምንቀበለው" አለው። ሰውየው "መጻፍ አልችልም" አለ። ጋሼ ወጡና እሱ እየነገራቸው ጻፉለት። በቃሌ ነው የማውቀው፦ "ዳቦ የማደርሰው ሰው ሳይነሳ ነው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ውሻው ሁሉ ይጮኻል፤ ከመስኮት ጫማ ይወረወርብኛል። እሱም አንድ እግሩ ብቻ ነው። ጥንዱን ቢወረውሩልኝ እጫማው ነበር።" ከታች በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ለዚያ ሰው መኪና ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረን ለፋን። ጩኸቱን አንድ በአንድ አጠፋነው። በመጨረሻ የቀረችው አንድ ነገር ነበረች፤ ምላሷ። ምላስ የምንላት ከሸራው ጎን የምትሰካ ቀጭን ብረት ናት። ሸራው ሲያልቅ፣ ሦስት ሚሊሜትር ሲቀረው፣ ጫፏ ዲስኩን ትነካና ትጮኻለች። ሾፌሩ "ለውጠኝ" ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል። የእኛዋ ግን አመል ነበራት፤ ኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጠች ያለ ጊዜዋ ትጮህ ነበር። የምላሷ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን እርሳሴን ጣልኩና "ቆርጠን እንጣላት" አልኩ።

ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ሸራው ሲያልቅ ማን ይናገራል?"

"መመሪያው ይናገራል ጋሼ። በየአስር ሺህ ኪሎሜትሩ ይታይ ብለን ገጽ አስራ ሰባት ላይ እንጽፋለን።"

"የማያነብስ?"

"ያስነብባላ!"

"ስሚ፣ አንቺ ሠዓሊ። እኔ ፍሬን ሲጮህ አልፈራም። ዝም ሲል ነው የምፈራው።"

እኔ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩባቸው። "አረጁ" ብዬ ለካፒቴንም ነገርኩት። ያኔ በሩ ላይ "ዝምታን እናመርታለን" የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅለን ነበር፤ የቀረን የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። የድምፅ ፈታሹ ካልፈረመ የማምረቻ ማሽኑ አይነሳም። ሦስት ቀን እምቢ አሉ። በአራተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩና "ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነው" አልኳቸው። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው ፈረሙ። ውጤት፦ አስር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አስር የሰጡት አንዴ ብቻ ነው፤ ያንን የሰጡትም ለእኔ ብለው ነው።

በሦስት ወር የአቤቱታ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ባዶውን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ኬክ ቆረስንለት። የመጀመሪያውን ሸራ የገጠምነው ለባለ ዳቦው ነበር። ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዞልን መጣና እዚሁ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ "አሁንማ እንደ ድመት ነው የምገባው! ባለቤቴ እንኳ መምጣቴን አትሰማም!" አለን። አጨበጨብንለት። ዳቦውንም በላን።

ከአስራ አራት ወር በኋላ ሞተ።

የሆነውን በቀላሉ ልንገራችሁ። ሸራው ሲሳሳ ሙቀቱን የሚመክትለት አይኖርም። መኪናው ሞልቷል፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። የፍሬኑ ዘይት ፈላ፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ታች ፌርማታ ላይ ሰው ቆሟል። መሪውን ወደ ግንቡ አዞረው። ከእሱ በቀር የተጎዳ የለም። ያቺ መኪና እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ድምፅ አላሰማችም። እኛ ነን እንዲህ አድርገን የሠራናት።

ጋሼ የተሰባበሩ መኪናዎች የሚጣሉበት ግቢ ድረስ ሄደው ሸራውን ራሳቸው ፈትተው፣ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "ለኪው" አሉኝ። ለካሁት። ሁለት ሚሊሜትር። "ምላሷ ብትኖር ሦስት ሳምንት ትጮህለት ነበር" አሉ። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይባላል። ያቺ ግን የሰው አጥንት ታተርፍ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የሟቹ ባለቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ድሮ ገና ከመንገዱ ጥግ ሲመጣ እሰማው ነበር፤ ሻይ እጥድለት ነበር። ያን ቀን ጮኾ ነበር ወይ? ጮኾ እሱ ነው ችላ ያለው?" ጋሼ ፊት ለፊቷ ቆመው "አልጮኸም እህቴ። እሱ ምንም አላጠፋም። ዝም ያሰኘነው እኛ ነን" አሏት። እኛ ነው ያሉት። እኔ ያንን ሁሉ የምሰማው ከዚያኛው መስኮት ኋላ ቆሜ ነው። አልወጣሁም። እግሬ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው።

አጣሪዎች መጡ። ወረቀቱ ላይ ያለው የድምፅ ፈታሹ ፊርማ ነው፤ የእኔ ስዕል "ዲዛይን ክፍል" ከማለት በቀር ስም የለበትም። "ምላሱ ይነሳ ያለው ማነው?" ብለው ጠየቋቸው። "ፊርማው የእኔ ነው" አሉ። ደግመው ጠየቋቸው። "ፊርማው የእኔ ነው አልኳችሁ እኮ።" በዚያው ወር ታች ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን ተወረወሩ፤ መስኮት በሌለው ክፍል አንድ ዓመት ከስድስት ወር። ኮሪደር ላይ ስንቱ "ሰው ያስገደለ ጆሮ" እያለ ሲያማቸው አብሬ ቆሜ ሻይ ጠጥቻለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይኼን።

እትዬ፣ እርስዎም ልጃችሁም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ ነው የምታውቁት። እሳቸው እንዳልነገሯችሁ አውቃለሁ። ምላሷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያስፈረምኳቸውም እኔ ነኝ። ይኼንን ለእናንተ ለመንገር ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ፤ ግን ይቅር በሉኝ።

ቆይ፣ ልጨርስ። አልቅሼም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

አንድ ቀን ምድር ቤት ወርጄ "ጋሼ፣ ሄጄ እውነቱን ልናገር" አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? "አንቺ ከተባረርሽ ምላሷን ማን ይመልሳታል? እኔ መሳል አልችልም። ተቀመጪና ሳዪ።" ለእኔ አዝነው አልነበረም ዝም ያሉት! ለዓመታት ለእኔ አዝነው ይመስለኝ ነበር። ለቀጣዩ ባለ ዳቦ ነው ያዘኑት። እኔ የተፈለግሁት ለእጄ ነበር። እንደዚያ ቀን የተናቅሁበትም የተከበርኩበትም ቀን የለም።

ሣልኩ። ያመጣሁላቸውን ምላስ ሁሉ እዚያ ምድር ቤት ከአሮጌ ጎማ ጋር አስረው፣ በእጃቸው እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት። "ያለ ጊዜዋ ትለፈልፋለች። ውሰጃት።" ሌላ አመጣለሁ። "ይቺ ደግሞ ፈሪ ናት፣ ሰዓቷ ደርሶም አትናገርም። ውሰጃት።" አስር ጊዜ መለሱኝ። በአስራ አንደኛው ሥሯን ሰፋ፣ ጫፏን ጎበጥ አድርጌ መጣሁ። ኮረኮንች ላይ ዝም አለች፤ ሦስት ሚሊሜትር ላይ ስትደርስ የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸች። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። "ይቺ እውነተኛ ናት" አሉ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ያንኑ አንድ ደብዳቤ ለአለቆች እየጻፉ፣ ሰባ ሁለት ሰኞ ጽፈው፣ መልሰው አስገጠሟት፤ እሳቸውም ወደ ፈታሽነት ወንበራቸው ተመለሱ። እኛ ጅብ ከሄደ የጮኽን ውሾች ነን ጋሼ፤ ግን ስለ እርስዎ ብለን ቢያንስ ጮኽን።

ያ ጩኸት ግን ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የሥራችን ነገር ሆኖ ዛሬ ጆሯቸው ውስጥ ቀንም ሌትም የሚያፏጭ ድምፅ አለ። ሐኪሙ "ይኼ አይጠፋም፣ ይልመዱት" ነው ያላቸው። ለሌላው ጡረተኛ "ጸጥ ያለ ጊዜ ይሁንልዎ" ይባላል። ለእርስዎ እንዴት ብዬ ልበለው?

አሁን ወደ ሰኞ ልምጣ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ይታገሡኝ። ሰኞ የሚፈረም የአዲስ ሸራ ስዕል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠልኝ። ትልቅ ደንበኛ ነው ያዘዘው፤ አንድም አቤቱታ እንዳይመጣበት ይፈልጋል። ምላስ የለውም። "የዛሬ መኪና ሸራው ሲያልቅ ለሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ምላስ አያስፈልገውም" ተባልኩ። ሸራው የሚገጠመው መብራት በሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይም መሆኑን ስናገር "መመሪያው ላይ ይጻፋል" ተባለ። ገጹን እንኳ አልጠየቅኩም። ለምን ሰኞ እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ አርብ ነው። ሰኞ የጋሼ ወንበር ባዶ ነው፤ ተተኪ እስኪመጣ የሚፈለገው ፊርማ አንድ ብቻ ነው። የእኔ።

ስዕሉ ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ። ጋሼ፣ ይዩት። ጎኑ ላይ ያለችውን ቀይ መስመር አዩአት? ምላሷ ናት፤ ሥሯ ሰፋ፣ ጫፏ ጎበጥ ያለችው። ከስሯ ዛሬ ስሜን በሙሉ ጽፌያለሁ፤ "ዲዛይን ክፍል" አይልም። ሰኞ የምትረከቡት ይኼንን ነው። ካልፈለጋችሁት፣ ምድር ቤቱ መጋዘን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዱን ማንም እንዲያሳየኝ አያስፈልግም፤ ጋሼ አሳይተውኛል።

ይኸው ነው። አመሰግናለሁ ጋሼ። ስለ ፊርማዎ፣ ስለ ዝምታዎ፣ ስለ አስር ጊዜው "ውሰጃት"። አባት እንኳ ለልጁ የማይሸከመውን ተሸከሙልኝ። እኔ ደግሞ ስሸከመው አይተው እንዲሄዱ ፈለግሁ።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቆ አንሡ። የብርጭቆ ግጭት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ዛሬ አንዴ ይቻሉን።

ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ በመስኮቴ ሥር አንድ መኪና ፍሬን ያዘ። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነሳ። ጎረቤቴ መስኮት ከፍቶ "ምን ዓይነት የማይረባ ፍሬን ነው!" እያለ ተሳደበ። ድምፅዋን አወቅኳት፤ የእኛዋ ናት፣ አስራ አንደኛዋ። ሦስት ሚሊሜትር ደርሳለች። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታና "እሺ በቃ፣ ዛሬ አስቀይርሻለሁ" አላት። እኔ ተመልሼ ተኛሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ስለዚህ ጸጥታ አልመኝልዎም ጋሼ። በየማለዳው በደጅዎ የሚያልፍ ፍሬን ይጩህብዎ። ጎረቤት ይሳደብ፣ ውሻው ይነሳ። እርስዎ ብቻ ብርድ ልብስዎን ሳብ አድርገው "ይኼኛው ማታ ቤቱ ይገባል" ይበሉና ይተኙ።

ለጋሼ ጆሮ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አጋጩ፣ ጮክ አድርጋችሁ አጋጩ!